የአማቴ ፀሐይ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ ጾም መግደፉን እየዘረዘርኩ፣ ይህችን አንዲቷን ግን ከምላሴ ሥር አስቀርቼ ስመለስ ኖሬያለሁ። ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ። ከእናንተ ቀጥሎ ለባሌ ለታደሰ እነግረዋለሁ። ቆርጫለሁ። አስቀድሜ የምጽፈውም እሱ ፊት ስቆም ሐሳቤን እንዳልለውጥ ብዬ ነው፤ ራሴን አውቀዋለሁ፣ መሸሽ እችልበታለሁ።

ነገሩን በአጭሩ ልበለውና ከዚያ እዘረዝረዋለሁ። የአማቴን የጠዋት ፀሐይ የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ። ጉልበታቸውን ቁርጥማት ለያዛቸው ለእኚያ ሴት በብርድ ወራት ከሁሉ የሚሻላቸው መድኃኒት እሱ ነበር። መውሰዴ ብቻ ቢሆን ምናልባት ደፍሬ እናገረው ነበር። እኔ ግን ወሰድኩና በልጃቸው አሳበብኩ።

ቤታችን ቃሊቲ ነው፣ ከማረሚያ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ፣ ተሳቢ መኪኖች ከሚቆሙበት ዋና መንገድ ገባ ብሎ። ታደሰ የተሳቢ ሹፌር ነበር። ጅቡቲ ወርዶ እስኪመለስ ድረስ ቤቱ የእኔና የእናቱ፣ የእማማ በለጡ ነው። ግቢው ባቡር ላይ ይሠሩ የነበሩት ባላቸው ያቆዩላቸው ነው። እማማ በለጡ ቀጭን፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ነበሩ። እኔን «ጥሩዬ» ነበር የሚሉኝ፤ ጥሩወርቅ ብለው ሙሉ ስሜን ከጠሩኝ ተቆጥተዋል ማለት ነው።

ቁርጥማቱ የጀመራቸው እኔ ወደዚያ ቤት ሳልገባ ነው። እኛ ክረምቱ ሲወጣ እፎይ እንላለን፤ እሳቸው ግን የሚፈሩት ከመስቀል በኋላ የሚመጣውን ደረቅ ብርድ ነበር። ሰው «ለጥቅምት አንድ አጥንት» ሲል ከሰሙ፣ «እኔስ ያለኝን አጥንት የሚወስድልኝ ባገኘሁ» ይሉና ይስቃሉ። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ጉልበታቸውን ቀስ እያሉ ያጥፉታል፣ ይዘረጉታል። «ልቀስቅሰው እንጂ፤ ተኝቶ ሳለ ብቆምበት ይጥለኛል» ይላሉ። ከዚያ ጨው በድስት ያሞቁና በጨርቅ ቋጥረው ይይዙበታል። ከዚያም በአሮጌ የሱፍ ጨርቅ ይጠቀልሉትና፣ በርጩማቸውን በአንድ እጅ ይዘው፣ በሌላው ግድግዳ እየተደገፉ ይወጣሉ።

ከግቢው በር በስተቀኝ፣ የቆርቆሮው አጥር ዝቅ ባለበት በኩል፣ የጠዋት ፀሐይ ከሁሉም ቀድሞ የሚያርፍበት ቦታ ነበር። በርጩማቸውን የሚያደርጉት እዚያ ነው። እግራቸውን ዘርግተው እየሞቁ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ምስር ይለቅማሉ፣ በበሩ የሚያልፈውን ሁሉ በቀልድ ይነካካሉ። ከዚያ ሲነሡ ሌላ ሰው ናቸው። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው ሳሪስ አቦ ድረስ ሄደው ተሳልመው ይመጣሉ። «አቦዬ እስኪጠሩኝ ድረስ በእግሬ እሄድላቸዋለሁ» ይሉ ነበር።

እኔስ ምን እል ነበር? እኔ ያን ጊዜ ጉልበቴ የት እንዳለ እንኳ የማላውቅ ልጅ እግር ነበርኩ። ቁርጥማት ለእኔ የአሮጊት ወሬ ነበር። ለአቦ ሲሆን የሚራመድ ጉልበት ለቤት ሥራ ሲሆን ለምን ይታመማል እያልኩ በሆዴ አማቸው ነበር። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚሉት ይኸንን የእኔን ነው።

ሱቅ አማረኝ። ከየክፍለ ሀገሩ ለእስረኛ ጥየቃ የሚመጣው ሰው በበራችን ያልፋል። ሳሙና ይጠይቃል፣ ሶፍት ይጠይቃል፣ ብስኩት፣ ለስንቅ የሚሆን ክዳን ያለው ሳህን ይጠይቃል። ሁልጊዜ የለም እያልኩ መሸኘቱ ይቆጨኝ ነበር። የራሴ የምለው ነገር እንዲኖረኝ ፈለግሁ፤ በዚህ አላፍርም። ሱቁ ፊቱን ለመንገዱ መስጠት ስላለበት የሚሠራው ከበሩ በቀኝ ወይም በግራ ነው። ቀኙ ደረቅና ደልዳላ ነው። በግራው በኩል የጎርፍ ቦይ ያልፋል፤ ቦዩ ዞሮ፣ ድንጋይ ተሞልቶ ነው መሠረት የሚወጣለት።

ታደሰ ለጉዞ ሲነሣ መኪናው ላይ ሆኖ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ «እማዬን ጠይቂያት። እሷ በፈቀደችው በኩል ይሠራ፤ እኔ ለሁለቱም እሺ ነኝ» አለኝ። ያለው ይኸው ነው። ከዚህ የወጣ አንድ ቃል አልተናገረም።

ጠየቅኳቸው። «እሰይ፣ ሱቅ ደግ ነው» አሉ። «ግን ግራውን አድርጉት፣ ጥሩዬ። ይኼኛው ፀሐዬ ነው። ብርድ ሲመጣ ሌላ ሐኪም የለኝም።»

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ቦዩ ይዞር፣ ድንጋዩ ይሞላ፣ ሱቄ ትንሽ ይዘግይ፣ ምን ይጎድልብኝ ነበር? እኔ ግን ቸኮልኩ። ግንበኛው ግራው ብዙ ያቆያል ሲለኝ፣ ለገና በዓል የሚመጣው ጠያቂ ሁሉ በዓይኔ ላይ ሄደ። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር ካልኩ አይቀር፣ በእኔ ሐሳብ ላይ እሳቸው ቦታ መምረጣቸው አናደደኝ። በማግስቱ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ መጥቼ ከፊታቸው ቆምኩ። ጥላዬ ጉልበታቸው ላይ አርፎ እንደ ነበር እንኳ ትዝ ይለኛል።

«እማማ፣ ታደሰ ደውሎ ነበር። ቀኙ ይሁን ብሏል» አልኳቸው። ታደሰ አልደወለም ነበር።

«ታደሰ ራሱ?»

«አዎ።»

«የምሞቅበት እንደሆነ ነገርሽው?»

«ነግሬዋለሁ። ያውቃል።»

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጫኑ። ምስሩን የያዘውን ሰፌድ ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። ከዚያ፣ «እንግዲህ የቤቱ አባወራ እሱ ነው። ይሁን» አሉ።

ይሁን። ደስ ብሎት እሺ የሚልም ይሁን ይላል፣ ተሸንፎ አንገቱን የሚደፋም ይሁን ይላል። የእማማ በለጡ የትኛው እንደ ነበር ከፊታቸው ስለ ነበርኩ አውቃለሁ። ታደሰ ከአዋሽ ሲደውል ግን ቃሏን ብቻ ነጥዬ ላኩለት።

«እማዬ ምን አለች?»

«ቀኙ ይሁን ብለዋል።»

«ፀሐይዋስ?»

«ለልጄ ቤት የማይሆን ፀሐይ ምን ያደርግልኛል ብለዋል።»

ይህችኛዋን ከራሴ ነው የጨመርኳት። ማን ጨምሪ አለኝ? ማንም። ታደሰ በስልኩ ውስጥ ሳቀ። «እናቴ እኮ…» አለና ለረዳቱ ሲነግረው ሰማሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ መመለስ አልቻልኩም ልላችሁ ይዳዳኛል። እችል ነበር። በማግስቱም፣ በሳምንቱም፣ የመጀመሪያው ብሎኬት ሳይቀመጥም እችል ነበር።

ሱቁ ተሠራ። ታደሰ ሲመጣ እናቱን ላመስግን አለ። «አታንሣባቸው፤ የሰጡትን ሲያመሰግኑባቸው ይከፋቸዋል» ብዬ ከለከልኩት። እሳቸውንም፣ «አያንሡበት፣ መንገደኛ ነው፣ ሆዱን አያስብሱት» አልኳቸው። እናት መንገድ የሚሄድ ልጇን ክፉ ነገር ነግራ አትሸኝም። ይህን አውቃለሁ፤ አውቄም ተጠቀምኩበት። በሁለቱ መካከል እንደ ዘበኛ ቆሜ የሁለቱንም አፍ ስጠብቅ ኖርኩ።

የመጀመሪያው ብርድ ሲገባ እማማ በለጡ በርጩማቸውን ይዘው ግቢውን ሲዞሩ አየኋቸው። ፀሐይ እየፈለጉ ነበር። የሱቁ ጥላ ጠዋት ጠዋት እስከ ቤታችን ደጃፍ ይደርሳል። ፀሐዩ ከጣሪያው በላይ እስኪወጣ ይረፍዳል፤ ጉልበታቸውም አንዴ ከተቆለፈ ውሎው ያው ነው። ማዕድ ቤት ገብተው ከሰል አጠገብ ተቀመጡ፤ ጭሱ ሳል አመጣባቸው። ከበር ወጥተው እንዳይቀመጡ መኪናውንና አቧራውን ፈሩ። አቦን መሳለም መጀመሪያ ለዓመት በዓሉ ብቻ ሆነ፣ ከዚያ ቀረ። በአምስተኛው ቀን አልጋቸው ላይ ሆነው ፊታቸውን ወደ ሳሪስ አዙረው ያማትቡ ነበር። ይህን ሁሉ እኔ አይቻለሁ፤ አይቼም ሱቄን ከፍቼ ሳሙና ሸጫለሁ።

አንድ ቀን ታደሰ ከመንገድ ገብቶ እግራቸውን ሊያሽላቸው አጠገባቸው ተቀመጠ። እማማ በለጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሱ ያመማቸው መሰለውና እጁን ለስለስ አደረገ። ያዘኑበት መሆኑን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ቅባቱን አቀብዬው ወጣሁ።

ሐኪም ቤት ወስጃቸዋለሁ። ሐኪሙ ፀሐይ አጥተው ነው አላለም። የመገጣጠሚያ መበላት ነው፣ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው አለ። ይህችን ቃል ስንት ዓመት እንደ ጋሻ ይዣት ኖርኩ! ሐኪሙ ግን ደግሞ፣ «እንዳይበርዳቸው፤ ጠዋት ሙቀት ያግኙ፤ ቀስ እያሉ ይንቀሳቀሱ፣ አንድ ቦታ አይዋሉ» ብሎ ነበር። ለታደሰ የነገርኩት የታዘዘውን ኪኒን ብቻ ነው። ሙቀት የሚለው ቃል ከአፌ ቢወጣ ፀሐዩን ያስታውሰዋል ብዬ ፈራሁ።

አሁን ወደ ባሰው ልምጣ። እማማ በለጡ የሞቱት በጥር ነው። ታደሰ ጅቡቲ ወደብ ተራ እየጠበቀ ነበር። በሞቱበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ጠሩኝና እጄን ያዙኝ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር።

«ጥሩዬ፣ ለታደሰ ንገሪልኝ» አሉ። «ስለ ፀሐዩ ቅር ብሎኝ ነበር። የወለድኩት ልጅ እንዴት ጨከነ ብዬ ነበር። አሁን ግን ይቅር ብዬዋለሁ። ከልቤ ነው በይልኝ።»

«እሺ፣ እማማ» አልኩ።

እሺ አልኩ! ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። እጄ በእጃቸው ነበር። እኔ ነኝ እማማ፣ ልጅዎ ምንም አያውቅም ማለት ስንት ቃል ነው? ያን ብል በልጃቸው ላይ ቅሬታ ሳይኖርባቸው ይሞቱ ነበር። አላልኩም። ምን አስፈራኝ? የምትሞት ሴት ምን ታደርገኛለች? አይመቱኝም፣ አያባርሩኝም። እንዳያዩኝ ነበር የፈራሁት፤ ማን እንደሆንኩ አውቀው አንዴ እንዳያዩኝ።

ታደሰ ለቀብሩ ደረሰ። ድንኳኑ ውስጥ ፎጣውን እንደ ተከናነበ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ «ምን አለች? ለእኔ ምንም አላለችም?» አለኝ።

«ምንም። እንቅልፍ እንደ ወሰደው ሰው ነው የሄዱት» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲህ ስለ እናቱ በተነሣ ቁጥር፣ «ለእኔ አንድ ቃል ሳትተው ሄደች» ይላል። ቃሉ ያለው እኔ ጋ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ።

አሁን ቁርጥማቱ እኔንም ጉልበቴን ይዞኛል። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምትኖረው ልጃችን ከእኔ ጋ ኑሪ ትለኛለች፤ ደረጃውን በምን ልውጣው? ሐኪም ዘንድ ስሄድ የነገረኝ ያንኑ ነው። እንዳይበርድሽ፣ ጠዋት ሙቀት አግኚ፣ አንድ ቦታ አትዋዪ። እየሰማሁ አፈርኩ፤ ቀድሞ የተነገረኝ ነውና። ጨው አሙቄ በጨርቅ እቋጥራለሁ። ከአልጋ ሳልወርድ ጉልበቴን እቀሰቅሳለሁ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ብቅ ስል የሱቁ ጥላ ይቀበለኛል። ሱቁ ራሱ መቆም ካቃተኝ ወዲህ ተዘግቷል፤ ጥላው ግን ሥራውን አላቆመም።

ታደሰ ጡረታ ወጥቷል። ጠዋት ጠዋት ወንበሬን ተሸክሞ ከአጥሩ ውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ ፀሐዩ ያለበት ያደርግልኛል፣ ከታክሲው አቧራና ከጥሩምባው መካከል። ጋቢዬን ጉልበቴ ላይ ያስተካክላል። ከዚያ ለሚያልፈው ጎረቤት፣ «እናቴ እኮ ፀሐይዋን ትታልን ነው የሄደች፤ እንደሷ ያለ ሰው የት ይገኛል» ይላል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ጋቢው ውስጥ እኮማተራለሁ።

ደግሞ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። እማማ በለጡ ይቅር ብለዋል። በደሉ የእኔ ነበር፤ ይቅርታው ግን በታደሰ ስም ነው የወጣው። እሱ አያስፈልገውም፣ አልበደለምና። እኔ ደግሞ ልወስደው አልችልም፣ ለእኔ አልተሰጠምና። ስንት ጊዜ፣ ይቅርታ ይቅርታ ነው፣ ለሠራው ሰው ይደርሳል እያልኩ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። አይደርስም። ነገ እነግረዋለሁ።

እስከዚህ ያለውን የጻፍኩት ትናንት ነው። ዛሬ ጠዋት ነገርኩት።

ወንበሬን አንሥቶ ሊወጣ ሲል፣ «አስቀምጠውና ስማኝ» አልኩት። ቆሜ ነው የተናገርኩት፤ መቀመጥ አልፈለግሁም። ግራውን አድርጉት ማለታቸውን፣ ደወለ ብዬ መዋሸቴን፣ የጨመርኳትን ቃል፣ ሐኪሙ ያለውን፣ ሁሉንም ነገርኩት። አላለቀስኩም። ባለቅስ እንደሚያባብለኝ አውቃለሁ፤ እንዲያባብለኝ አልፈለግሁም። መጨረሻ ላይ መልእክቱን ሰጠሁት።

«እስቲ ድገሚልኝ» አለ። «ምን አለች?»

ደገምኩለት፤ ከልቤ ነው በይልኝ የሚለውን ሳይቀር።

«ፀሐይዋን የከለከልኳት እኔ መስያት ነው የሞተችው?»

«አዎ።»

«እግሯን ሳሽላት… ፊቷን ያዞረችው…»

«አዎ።»

የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ቆመ። «ሱቁን ላስፈርሰው ነው። ግንበኛውን ጠርቼዋለሁ» አልኩት።

«ይሁን» አለ። ከግቢው ወጥቶ ሄደ፤ ለምሳም አልተመለሰ።

የትኛው ይሁን እንደሆነ አላውቅም። የእናቱን ለይቼ ዋሸሁ፤ የልጁን መለየት አቃተኝ።

ይህችን የመጨረሻዋን ደግሞ የምጽፈው ሱቁ ከፈረሰ በኋላ ነው። ሠራተኞቹ ሲያፈርሱ ታደሰ ብሎኬቱን አብሯቸው ያወጣ ነበር። ከእኔ ጋር አልተነጋገረም። ምግብ ሳቀርብለት ይበላል፣ ሲጨርስ ሳህኑን ራሱ ያነሣል። ይቅር በለኝ አላልኩትም። ለእናንተም አልልም። ልጅ እግር ነበርኩ፣ አላወቅኩም አልልም። አውቄ ነው ያደረግኩት።

ፍርስራሹ በተነሣ ማግስት የጠዋቱ ፀሐይ መጥቶ ድሮ ከሚያርፍበት ቦታ አረፈ። መሬቱ እርጥብ ነበር። ታደሰ ከዕቃ ቤት የእናቱን በርጩማ አወጣ፣ አቧራውን በእጁ ጠረገ፣ እዚያ ቦታ አስቀመጠው። ጥቂት ቆሞ አየው። ከዚያ ወደ ቤት ገብቶ የእኔን ወንበር ተሸክሞ ወጣና በግቢው መሐል ቆመ። በበርጩማውና በበሩ መካከል ነበር። ወደ እኔ ዞረ።

«የት ላድርገው?» አለ።

ከዚያች ጠዋት ወዲህ የተናገረኝ የመጀመሪያ ቃል ነው። ጉልበቴ በዚያ ብርድ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር፤ ፀሐዩ ደግሞ ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቀኛል።

«ውጭ» አልኩት። «ከመንገዱ ማዶ፣ የነበረበት።»

ወንበሩን ተሸክሞ ወጣ። እኔም ግድግዳውን እየተደገፍኩ ተከተልኩት።